ሐዲድ ያልደረሰበት ባቡር

ምዕራብ ጎጃም ገጠር ውስጥ «ባቡር ቤት» ማለት ወፍጮ ቤት ነው። ሊበንም ሆነ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎችም፣ አንዲት እናት «ባቡር ልሂድ» ካለች አህያው ላይ የተጫነው ጤፍ ወይም በቆሎ ሊፈጭ ነው እንጂ ማንም ወደ ድሬዳዋ የሚሳፈር የለም። ቃሉን የወሰድነው ከዓረብኛ ነው። ዓረቦቹ ደግሞ «ቫፖር» ከሚለው የአውሮፓውያን ቃል ወሰዱት፤ እንፋሎት ማለት ነው። በእንፋሎት የሚሠራ ነገር ሁሉ ባቡር ይባል ነበር፤ መርከቡም፣ ወፍጮውም፣ በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን አዲስ አበባ ድረስ ያስመጣው ግዙፍ የእንፋሎት መኪናም። የሰርኪስ ባቡር ሐዲድ አልነበረውም። በአፈር መንገድ ላይ እየተንገጫገጨ የሚሄድ ብረት ነበር፤ ሰው ግን «ባቡር» ብሎ ጠራው፣ ስሙም እስከ ዛሬ አለ። እኔ በዚህ ነገር አልስቅም። ለአማርኛ ባቡር መሆን የሚመጣው ከሞተሩ እንጂ ከሐዲዱ አይደለም ማለት ነው።

እኔ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምሬ በሶፍትዌር ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ግን ቅዳሜና እሑዴን የሚበላው ሌላ ነገር ነው። ከሐዲድ ኤሌክትሪክ እየተቀበለ እንዲሄድ የተሠራን ሞዴል ሎኮሞቲቭ ሆዱን ከፍቼ፣ ባትሪ አሸክሜ፣ በሬዲዮ እንዲታዘዝ አደርገዋለሁ። ያየኝ ሁሉ «አሻንጉሊት» ይለዋል። ይበል። ነገሩ ውስጥ የገባ ሰው ግን ቶሎ ብሎ አንድ ጥያቄ ላይ ይደርሳል፤ የሚሄድ ነገር ጉልበቱን ይዞ ነው የሚሄደው ወይስ ከመንገዱ ነው የሚቀበለው? የኢትዮጵያ የባቡር ታሪክ በዚህ ጥያቄ ሲነበብ ትንሽ ለየት ብሎ ይታያል።

መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳችሁ። ተራው ሞዴል ባቡር ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከቆየ ቴፕ የምናወጣትን ዲናሞ የምታክል ወይም ከፍ ያለች ሞተር አለችው፣ ጥርሶች አሉት፣ በቃ። ኤሌክትሪኩ በሁለቱ ሐዲዶች ይመጣል፤ አንዱ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ። መንኰራኩሮቹ ከሐዲዱ ላይ እየተሻሹ ይለቅሙታል። ቮልቱን ከፍ ስታደርጉ ይፈጥናል፣ ሁለቱን ስታገላብጡ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቀላል ነው፣ ያምራልም። ችግሩ የሚጀምረው አቧራ ሲመጣ ነው። ሐዲዱ ላይ ስስ ዝገት ከያዘ ባቡሩ ይንተባተባል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ይቆማል። ሌላም አለ፤ ሐዲዱ ዞሮ ራሱ ላይ ከተመለሰ የግራው ሐዲድ ከቀኙ ጋር ይገናኝና ሾርት ይሆናል። ይህችን አንዲት ቀለበት ለመፍታት ሰዎች መቶ ዓመት ሙሉ ማብሪያ ማጥፊያ ሲቀጥሉ ኖረዋል።

የሚገርመው ግን አጀማመሩ እንዲህ አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዴቪድሰን መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1837 ትንሽ ሞዴል ሠርቶ፣ በ1842 «ጋልቫኒ» የተባለ እውነተኛ ሎኮሞቲቭ በኤዲንብራና በግላስጎው መካከል ባለው ሐዲድ ላይ ሞከረ። ጉልበቱ ባትሪ ነበር፤ ዚንክና አሲድ። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ፣ ማለትም ገበያ የሚሄድ ሰው እርምጃ። ባትሪው አልቆ ዚንኩን እንደገና መግዛት ከከሰል እጅግ ይወደድ ስለነበረ ነገሩ ሞተ። ዌርነር ፎን ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1879 በርሊን ኤግዚቢሽን ላይ ያሳየው ትንሽ ባቡር ነው ኤሌክትሪኩን ከሐዲድ እንዲቀበል ያደረገው። አሻንጉሊቶቹም ያንኑ መንገድ ሄዱ። የጀርመኑ ሜርክሊን እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕሲግ ትርኢት ላይ የሐዲድ ስፋት በደረጃ ለይቶ ሲያወጣ ባቡሮቹ በሚጠመዘዝ ስፕሪንግ ይሠሩ ነበር። ጆሹዋ ላየኔል ካወን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1901 ኒው ዮርክ ውስጥ ለሱቅ መስኮት ማድመቂያ የሠራት የመጀመሪያዋ የላየኔል ባቡር በባትሪ ድንጋይ ነበር የምትሠራው። መብራት በየቤቱ ሲገባ ባትሪው ተጣለ፣ ትራንስፎርመሩ ግድግዳው ላይ ተሰካ። ስለዚህ ዛሬ ባቡሩን ወደ ባትሪ የሚመልስ ሰው አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ የተተወውን መንገድ ነው የሚቀጥለው።

ሬዲዮውም ከምናስበው በላይ ያረጀ ነው። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ገንዳ አስሞልቶ፣ ባትሪ የተሸከመች ትንሽ ጀልባ ያለ ሽቦ ሲያዝዛት ተመልካቹ ውስጧ ዝንጀሮ ያለ መስሎት ነበር ይባላል። እዚያው ዓመት የጅቡቲው ሐዲድ በረሃው ውስጥ እየተነጠፈ ነበር።

እሺ፣ አሁን ወደ ሐዲዱ።

ምኒልክ ለስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። በወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር ነበር፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ በኩል ነጭ ዓባይ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሐረር መድረስ አቅቶት፣ ተራራውን መውጣት ስለሚያስከፍል፣ ግርጌው ላይ ቆመ፤ ድሬዳዋ የተባለችው ከተማ እዚያ በቀለች። ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከፈቃዱ እስከ ለገሐር 23 ዓመት። ለገሐር የሚለው ስም ራሱ የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፣ ፉርጎም እንዲሁ ከፈረንሳይ የመጣ ቃል ነው፤ ዛሬ ቆሞ የምናየው የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው መስመር፣ ወደ ነጭ ዓባይ የሚለው፣ ከወረቀት አልወጣም።

መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ደግሞ 1 ሜትር ስፋት ነበረው። ይህች አንድ ሜትር ናት እኔን የያዘችኝ። እ.ኤ.አ. በ1968 ሌማን የተባለው የጀርመን አሻንጉሊት ፋብሪካ ኤልጂቢ በሚል ስም ጓሮ ውስጥ፣ ዝናብ ላይ፣ የሚሄድ ትልቅ ሞዴል ባቡር አወጣ። ሐዲዱ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ ልኬቱ 1 ለ22.5 ነው። 1 ሜትርን ለ22.5 አካፍሉት፤ 44.4 ሚሊ ሜትር። ማለትም በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠው የጓሮ ሐዲድ፣ ሠሪዎቹ ስለ ድሬዳዋ ሳያስቡ፣ ለእኛ አሮጌ ባቡር ልክ ነው። 784 ኪሎ ሜትሩም ሲካፈል 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለቱ መስመሮች ተደምረው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆኑ፣ መላውን የጅቡቲ መስመር በሞዴል ሠርቶ ከቃሊቲ ጊዮርጊስ፣ ከአያት ጦር ኃይሎች ላይ መዘርጋት ይቻላል ማለት ነው። ማንም አያደርገውም፤ እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል። ክብደት ግን እንዲህ ቀጥታ አይካፈልም። ርዝመትም፣ ስፋትም፣ ከፍታም ስለሚያንስ 22.5ን ሦስት ጊዜ ነው የምታካፍሉት፤ 50 ቶን ሎኮሞቲቭ 4.4 ኪሎ ይሆናል። አንድ ዶሮና ትንሽ ሽንኩርት።

የጓሮ ሐዲድ ላይ ነው የባትሪው ሐሳብ እንደገና የተነሳው። ዝናብ፣ ቅጠል፣ የወፍ ኩስ፣ ጭቃ፤ ሐዲዱን በየጠዋቱ ከመፈግፈግ ባትሪ መጫን ይሻላል ያሉ ሰዎች በየአገሩ በዙ። ባቡሩ ጉልበቱን ከያዘ ሐዲዱ ከብረት መሆኑ ቀርቶ ከፕላስቲክም ከእንጨትም ቢሆን ግድ የለውም፤ ቀለበቱም ሾርት አይሆንም፤ አቧራው አቧራ ብቻ ይሆናል። ድሮ የከበደ እርሳስ ባትሪ ነበር የሚጫነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊቲየም አዮን ባትሪን ለገበያ ካወጣ በኋላ ግን ፉርጎ የሚሞላው ጉልበት ከኪስ የማይበልጥ ቦታ ውስጥ ገባ።

የኛ እውነተኛ ባቡሮች ደግሞ ተቃራኒውን አቅጣጫ ነው የተጓዙት። የእንፋሎቱ ሎኮሞቲቭ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል፤ እሳቱን፣ ማገዶውን፣ ውሃውን። ከማገዶው ይልቅ የሚያሰቃየው ውሃው ነው፣ ምክንያቱም እንፋሎቱ በጭስ ማውጫው ይወጣና አይመለስም፤ መስመሩ የሚያልፈው ደግሞ በበረሃ ነው። በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ የስዊዘርላንድ ዲዝል ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች ሲመጡ ውሃው ቀረ። ዲዝል ኤሌክትሪክ ማለት የራሱን ጄኔሬተር ጭኖ የሚዞር ኤሌክትሪክ ባቡር ነው፤ ለኔ የባትሪ ባቡር አጎት ነው። አዲሱ መስመር፣ የኢትዮጵያው ክፍል በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጉልበቱን ከላይ ከተዘረጋ 25,000 ቮልት ሽቦ ይቀበላል። የከተማው ቀላል ባቡርም በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ያው ከሽቦ፣ በ750 ቮልት። ከሽቦ የሚቀበል ባቡር ቀላልና ኃይለኛ ነው፤ ቁልቁለት ላይም ጉልበቱን ለሽቦው ይመልሳል። ዕዳው ደግሞ አለ። መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ከሱ ኋላ ያለውም ይቆማል። የኛን አገር መብራት የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት ቀመር አያስፈልገውም።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ላሳያችሁ። ሎኮሞቲቩ አንድ የማውቀው ሰው ከጀርመን ያመጣው ያገለገለ ዕቃ ነው። በካቻቢቴ አራት ብሎን ይፈታል፣ ካቡ ይነሳል። የመጀመሪያው ሥራ መቁረጥ ነው፤ ከመንኰራኩሮቹ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች በፒንሳ መቁረጥ። ያንን ካላደረጋችሁ ባትሪው በመንኰራኩሩ በኩል ወደ ሐዲዱ ይፈሳል። ከዚያ በመካከል አንድ የሞተር መቆጣጠሪያ ትገባለች፤ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየከፈተችና እየዘጋች ሞተሩ የሚደርሰውን መጠን የምትመትር። እሷን የሚያዛት ኢኤስፒ 32 የምትባል፣ ሬዲዮ በውስጧ ያላት፣ ከብስኩት የምታንስ ሰሌዳ ናት። ባትሪውን የወሰድኩት ከሞተ የላፕቶፕ ባትሪ ነው፤ የላፕቶፕ ባትሪ «ሞተ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከስድስቱ ሴሎች አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው የሞቱት። አራት ጤነኛ ሴሎች ተቀጣጥለው 14.8 ቮልት ይሰጣሉ። ስታኞ በቀጥታ ሴሉ ላይ አታቅልጡ፣ መከላከያ ሰሌዳ የሌለው ሊቲየምም ቤት ውስጥ አታስቀምጡ፤ ይህ እንደ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተን እንደገና የምንሞክረው ነገር አይደለም፣ ይቃጠላል። ሴሎቹ የሚቀመጡት ከኋላ በሚጎተተው ጋሪ ውስጥ ነው፤ በእውነተኛው ባቡር ላይ ማገዶውና ውሃው የነበረበት ቦታ።

ሰሌዳዋ ከመቆጣጠሪያው ጋር በቀጥታ ነው የምታወራው፣ ራውተር አትፈልግም፣ ኢንተርኔት አትፈልግም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት የአማራ ክልል ዳታ ተዘግቶ ቤተሰቦቼን በስልክ ድምፅ ብቻ፣ እሱም ከተገኘ፣ በማገኝበት ጊዜ ነው ይህ ጠባይዋ የገባኝ። ሁለት ነገሮች በመካከላቸው ማንም ሳይኖር ሊሰማሙ መቻላቸው ቀላል ነገር አይመስለኝም።

ኮዱ ውስጥ ብዙ ሰዓት የወሰደብኝ ፍጥነት አይደለም፤ መዘግየት ነው። እውነተኛ ባቡር እንደተጫነ አይነሳም፣ እንደተያዘም አይቆምም። ስለዚህ መዘውሩን ባዞርኩ ጊዜ ሞተሩ ቀስ እያለ ነው የሚደርስበት። ሌላው ደግሞ የሬዲዮ መልእክት ለግማሽ ሰከንድ ከጠፋ ባቡሩ ራሱን እንዲያቆም የሚያዝዘው ክፍል ነው። እውነተኞቹ ሎኮሞቲቮችም ላይ የዚህ ዘመድ አለ፤ አሽከርካሪው እግሩን ካነሳ ፍሬን የሚይዝ ፔዳል። ለጠመዝማዛ ቦታም የፍጥነት ጣሪያ አስገብቻለሁ። ይህን የጻፍኩት አዋሽን እያሰብኩ ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ገደል ላይ ያለውን ጥምዝ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሐዲዱ ወጣ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው፣ በኔ ዕድሜ ካሉት ግን ስሙን እንኳ የሰማ ጥቂት ነው። 4 ኪሎ አሻንጉሊት ላይ የፍጥነት ጣሪያ መጻፍ ማንንም አያድንም። ስጽፈው ግን ለምን እንደሚያስፈልግ አውቄ ነው የጻፍኩት።

ጎጃም ግን ለምን ባቡር ሳያይ ቀረ? «አልታሰበም» የሚለው መልስ ስህተት ነው። ታስቧል፣ ብዙ ጊዜ የታሰበው ግን እኛን ሳይጠይቁ ነው። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ቁጭ ብለው ኢትዮጵያን በባቡር ተከፋፈሏት። እስከ አዲስ አበባ ያለው ለፈረንሳይ፣ ከአዲስ አበባ ምዕራብ ያለው ለእንግሊዝ፤ ጣሊያን ደግሞ ኤርትራንና ሶማሊያን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ አድርጎ የማገናኘት መብት። ካርታ አውጥታችሁ ከአስመራ ተነስታችሁ አዲስ አበባን ወደ ግራ ትታችሁ ወደ ደቡብ መስመር ስሩ፤ ጣናና ጎጃም ጣታችሁ ሥር ናቸው። ከ19 ዓመት በኋላ እንግሊዝና ጣሊያን ነገሩን በደብዳቤ አደሱት፤ እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ ትሠራለች፣ ጣሊያን የባቡሯን መስመር ታገኛለች፣ አንዱ ሌላውን ይደግፋል። ራስ ተፈሪ ሰኔ 1918 ዓ.ም. ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ፣ አገራቸው አባል ናትና፤ ሁለቱ ኃያላን ነገሩን ማለሳለስ ግድ ሆነባቸው። ለኔ ይህ ከኢትዮጵያ ዲፕሎማሲ ጥሩ ጨዋታዎች አንዱ ነው። ባቡር ሲመጣ ለሚመጣባቸው ሰዎች ሁልጊዜ ስጦታ እንዳልሆነም ያሳያል፤ ማን ሐዲዱን እንደዘረጋው ነው ነገሩ።

ሁለተኛው ጊዜ ግን የራሳችን ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን የወጣው ብሔራዊ የባቡር መረብ ካርታ ላይ ከፍኖተ ሰላም የሚነሳ መስመር አለ፤ በባሕር ዳር፣ በወረታ፣ በወልድያ አድርጎ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጅቡቲ በር የሚወርድ። ፍኖተ ሰላም! የሰላም መንገድ የሚል ስም ያላት ከተማ የሐዲድ መነሻ ልትሆን። የቡሬ በቆሎ፣ የወንበርማ በርበሬ ፉርጎ ላይ ተጭኖ ወደብ ሲሄድ በዓይኔ ይታየኝ ነበር፤ ተማሪ ነበርኩ፣ ካርታውን ስልኬ ላይ አስቀምጬው ነበር። ከአዋሽ ወደ ወልድያ ያለው ግንባታ ተጀመረ። ከወልድያ ወዲህ፣ ወደኛ ያለው፣ ካርታ ላይ ነው ያለው።

ብዙ ሰው «ለምን ከአዲስ አበባ ቀጥታ አይመጣም?» ይላል። መልሱ ዓባይ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ድልድይ 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁለት አለ፤ አውቶቡስ ውስጥ ጆሯችሁ የሚደፈነው ለዚያ ነው። የጎማ መኪና ይወርደዋል። የብረት መንኰራኩር በብረት ላይ ግን ይንሸራተታል፤ ከባድ የጭነት ባቡር ከ100 ሜትር 2 ሜትር በላይ ቢወርድ መሐንዲሱ እንቅልፍ ያጣል። በዚያ ስሌት ያንን ገደል ለመውረድ 70 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል፣ ለመውጣትም ሌላ ያን ያህል፤ ካልሆነ ረጅም ዋሻና ከፍ ያለ ድልድይ።

በኔ ልኬት ገደሉ 62 ሜትር ይሆናል፣ የአንዱ ወገን ሐዲድ ደግሞ 3.1 ኪሎ ሜትር። በዚህ ወር የጀመርኩት እሱን ነው። የተከራየሁት ቤት ግቢ 6 ሜትር ርዝመት አለው፤ በ2 በመቶ ቁልቁለት ጣውላ ገጥሜ ሐዲዱን ዘረጋሁበት። ሎኮሞቲቩ ሦስት ፉርጎ ጎትቶ ይወርዳል፣ ያለ ማንሸራተት ይወጣል፣ አንድ የባትሪ ሙሌት ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬደዋል። ከላይ እስከ ታች 12 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ በእውነተኛው ሲባዛ 2.7 ሜትር ይሆናል፤ ከጎሐ ጽዮን ተነስቼ እስካሁን የወረድኩት ያንን ነው። 1,397 ሜትር ይቀረኛል፣ ከዚያ ደጀን ድረስ መውጣት አለ።